ስለ አየር ጠባይ መለወጥና በአዲስ አበባ ዙሪያ ስላሉት አገሮች ውሃና መሬት

ሰበታ፤ ቡራዩ፤ ሱሉልታ

ለአስተዳዳሪዎች፣ ለባለ ይዞታዎችና ለወረዳ ሹማምንት የቀረበ

የእርሻ ሥራ መሠረቱ መሬትና ውሃ ነው። መሬት ያለ ውሃ ትቢያ ነው፤ ውሃም የሚይዘው ሥርና ሣር ካላገኘ ጎርፍ ሆኖ ያጠፋል እንጂ አያለማም። ይህ ነገር ከአያቶቻችን ጀምሮ የታወቀ ነው። ነገር ግን በዛሬ ዘመን የአየር ጠባይ እየተለወጠ ስለ ሄደ፣ ቀድሞ በልማድ ብቻ ይሠራ የነበረው ሥራ በዕውቀትና በብርቱ ጥንቃቄ እንዲሠራ ግድ ሆኖአል። ስለዚህ በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉትን ሦስቱን አገሮች፣ ሰበታን፣ ቡራዩንና ሱሉልታን ምሳሌ አድርገን፣ ሕዝቡ ይህን ለውጥ በምን ዘዴ እንደሚቋቋመው፣ ሹማምንትና ባለ ይዞታዎችም ምን ማድረግ እንደሚገባቸው ባጭሩ እንገልጻለን።

እነዚህን ሦስት አገሮች የመረጥነው ስለ ሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ዋናይቱ ከተማ ወተቱን፣ ድርቆሹን፣ አታክልቱን፣ የግንቡን ድንጋይና ከውሃዋም ብዙውን የምታገኘው ከዙሪያዋ ካሉት አገሮች ስለሆነ ነው። ሁለተኛም፣ የከተማ መስፋትና የአየር መለወጥ በአንድ ዘመን የወደቁባቸው ስለሆኑ፣ ነገ በሌላው ክፍለ አገር የሚደርሰው ዛሬ በነርሱ ላይ ይታያል። ሦስቱም በ2015 ዓ.ም. ሸገር በተባለው ከተማ ውስጥ ተጠቃልለዋል፤ ስለዚህ አስተዳደራቸው የከተማ ሲሆን፣ ከነዋሪዎቻቸው ብዙዎቹ ግን ዛሬም በእርፍና በላም የሚኖሩ ናቸው።

ስለ አቀማመጣቸው

የእንጦጦ ተራራ ራስ የሁለት ታላላቅ ወንዞች ወሰን ነው። ከተራራው በስተ ሰሜን የወረደው ዝናብ በሱሉልታ ሜዳ አልፎ ወደ ሙገር፣ ከሙገርም ወደ ዓባይ ይሄዳል። በስተ ደቡብ የወረደው ግን በአቃቂ ወንዝ ወደ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽም ባሕር ሳይደርስ በአፋር ምድር በአቤ ሐይቅ ይቀራል። በምዕራብ በኩል ከ3,300 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የወጨጫ ተራራ አለ። ትንሹ አቃቂ የሚነሣው ከዚሁ ወገን ሲሆን፣ ቡራዩ በሰሜን ምሥራቁ፣ ሰበታ በደቡቡ ተቀምጠዋል። እንግዲህ በእነዚህ ተራሮች ላይ አንድ ዛፍ ቢቆረጥ ወይም አንድ ምንጭ ቢደርቅ፣ ጉዳቱ በዚያው ቀበሌ አይቀርም። አንዱ ጉዳት እስከ ዓባይ፣ ሌላው እስከ አፋር በረሃ ይደርሳል።

የአየር ጠባይ መለወጥ ምን እንደ ሆነ

የአየር ጠባይ መለወጥ ማለት አንድ ዓመት ዝናብ መቅረቱ ወይም አንድ ወር መሞቁ አይደለም። ድርቅ በቀድሞ ዘመንም ነበረ፤ ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ የመጣውን ክፉ ቀን አገሩ ሁሉ በታሪክ ያውቀዋል። የዛሬው ግን ከዚያ የተለየ ነው። በዓለም ላይ ፋብሪካ ከተስፋፋ ወዲህ፣ ከድንጋይ ከሰልና ከነዳጅ ዘይት የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለው ጋዝ በአየር ውስጥ በዝቶአል። ቀድሞ በአንድ ሚሊዮን እጅ አየር ውስጥ 280 እጅ ያህል የነበረው ዛሬ ከ420 እጅ በላይ ሆኖአል። ይህ ጋዝ ምድር ከፀሐይ የተቀበለችውን ሙቀት መልሳ እንዳታወጣ እንደ ጋቢ ሸፍኖ ይይዘዋል። በአገራችንም ከ1952 እስከ 1998 ዓ.ም. ባለው ዘመን አማካዩ ሙቀት በ1.3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል እንደ ጨመረ ሊቃውንቱ መዝግበዋል። ለዚህ ጥፋት የኢትዮጵያ ገበሬ ድርሻ እጅግ ጥቂት ነው፤ ጉዳቱ ግን ከሁሉ አስቀድሞ በርሱ ማሳ ላይ ያርፋል።

የሞቀ አየር ብዙ እንፋሎት ይሸከማል። ስለዚህ መሬቱን ቶሎ ያደርቀዋል፤ የተሸከመውንም ውሃ ሲለቅ ባንድ ጊዜ ይለቀዋል። ድርቅና ጎርፍ በአንድ ዓመት ተከታትለው የሚመጡበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በአዲስ አበባና በዙሪያዋ በዓመት የሚወርደው ዝናብ 1,200 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ከግማሽ የሚበልጠው በክረምት ይወርዳል። ገበሬውን የሚያስጨንቀው የዓመቱ ድምር ማነሱ ብቻ አይደለም፤ አመጣጡና አወጣጡ መዛባቱ ነው። የቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ዘመነ ክረምትን ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ያደርገዋል፤ ባላገሩም እርሻውን፣ ዘሩንና አረሙን በበዓላት እየቆጠረ ሲሠራ ኖሮአል። አቆጣጠሩ አልተለወጠም፤ ዝናቡ ግን ከአቆጣጠሩ ጋር መሄዱን እየተወ ነው። አንዳንድ ዓመት በልጉ ይቀራል፤ አንዳንድ ዓመት ክረምቱ ዘግይቶ ገብቶ ቀድሞ ይወጣል፤ አንዳንድ ጊዜም አዝመራው ከደረሰ በኋላ በጥቅምትና በኅዳር ይዘንባል። ኤል ኒኞ የተባለው የታላቁ ውቅያኖስ ሙቀት በ2007 ዓ.ም. ክረምት በብዙው የአገራችን ክፍል ዝናቡን አሳጥቶ ነበር። በ2012 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ አዋሽ ሞልቶ ከአፋፉ ወጥቶ በኦሮሚያና በአፋር ብዙ ሰው ከቤቱ አፈናቀለ። በአምስት ዓመት ውስጥ ጥሙንም ጎርፉንም አየን ማለት ነው።

ስለ ሱሉልታ

ሱሉልታ ከእንጦጦ ጀርባ የተዘረጋ ሰፊ ሜዳ ነው። ጥቁር መረሬ የሆነው መሬቱ በክረምት ውሃ ይቋጥራል፤ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ሌሊትም ውርጭ ይወርድበታል። ስለዚህ ሕዝቡ ከጥንት ጀምሮ ከእህሉ ይልቅ በሣሩና በከብቱ ተጠቅሞበታል። የሱሉልታ ድርቆሽ በአዲስ አበባ ገበያ የታወቀ ነው። በ1939 ዓ.ም. ገደማ ከተባበሩት መንግሥታት የእርዳታና የመልሶ ማቋቋም ድርጅት 300 የፍሪዥያንና የብራውን ስዊስ ከብቶች ወደ አገራችን ከገቡ ወዲህ የወተት ሥራ በከተማይቱ ዙሪያ እየሰፋ ሄደ፤ ዛሬም ሱሉልታ ወተት ከሚያቀርቡት አገሮች አንዷ ናት።

ነገር ግን የፈረንጅ ዝርያ ያላት ላም ብዙ ትበላለች፤ ብዙ ትጠጣለች፤ ሙቀትም አትወድም። ሣሩ ሲያንስና ድርቆሹ በማይገባው ጊዜ በመጣ ዝናብ ሲበሰብስ፣ መጀመሪያ የሚጎዳው የርሷ ወተት ነው። ስለዚህ ብልሃተኛ ባላገሮች የሚከተለውን ያደርጋሉ። ሣሩን ሳይጠነክር በጊዜው አጭደው፣ ክምሩን ከመሬት ከፍ ባለ የእንጨት አልጋ ላይ አድርገው፣ ከላይ ይከድኑታል። በጓሯቸውና በእርከን ላይ ዴሾ የተባለውን ሣር ይተክላሉ፤ አጃንም ለከብት መኖ ብለው ይዘራሉ።

የገብስና የስንዴ ጭድም በዩሪያ ይታከማል። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ 5 ኪሎ ዩሪያ በ100 ሊትር ውሃ ተፈትቶ በ100 ኪሎ ጭድ ላይ ይረጫል፤ ከዚያም አየር እንዳይገባ ተሸፍኖ 21 ቀን ይቆያል። ሲወጣ ሽታው እስኪበን ተበትኖ አየር ይመታዋል፤ ከዚያ በኋላ ለከብት ይሰጣል። ዩሪያ ለብቻው ከብትን የሚገድል መርዝ ስለሆነ፣ ከብት በማይደርስበት ስፍራ መቀመጥ አለበት፤ የታከመውም ጭድ ለትንንሽ ጥጆች አይሰጥም።

የመረሬውንም መሬት ሰፋ ባለ መደብ ከፍሎ በመካከሉ ውሃ ማንጣፈፊያ ፈሰስ ማውጣት ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በምርምር ተሻሽሎአል፤ በሬ የሚጎትተው መሣሪያም ተሠርቶለታል። በዚህ ዘዴ ገበሬው ውሃው ሲጎድል እስኪያይ ሳይጠብቅ ቀድሞ ይዘራል። ዘግይቶ የሚዘራው ግን ጓያ፣ ምስርና ሽምብራ በቀረው እርጥበት የሚያፈሩ ስለሆኑ በነርሱ ይጠቀማል።

ይህ ሁሉ ትጋት ግን ሜዳው ሜዳ ሆኖ ከቆየ ነው። የሱሉልታ ረግረግ በክረምት የወረደውን ውሃ እንደ ሰፍነግ ጠጥቶ በበጋ ለምንጭና ለጉድጓድ ጥቂት በጥቂት ይመልሳል። ዛሬ በሜዳው ላይ ቤት፣ መጋዘንና ፋብሪካ ተሠርቶበታል፤ የታሸገ ውሃ የሚሸጡ በርካታ ፋብሪካዎችም ከጥልቅ ጉድጓድ ውሃ ይስባሉ። ፋብሪካ መኖሩ ለሥራና ለግብር ይጠቅማልና ክፉ ነው አንልም። ነገር ግን ውሃው በጠርሙስ ተሞልቶ በመኪና ሲያልፍ፣ በመንገዱ ዳር ያሉት ሴቶች በቢጫ ጀሪካን ውሃ ፍለጋ የሚሄዱ ከሆነ፣ ፈቃዱን የሰጠው ሹም አስቀድሞ ያላሰበው ነገር አለ ማለት ነው።

ስለ ቡራዩ

በቡራዩ አጠገብ ያለው የገፈርሳ ግድብ በ1930ዎቹ ዓ.ም. የተሠራ ሲሆን፣ ለአዲስ አበባ ውሃ ከሚያጠራቅሙት ግድቦች ቀዳሚው ነው፤ ለገዳዲ የተሠራው ከርሱ በኋላ በ1962 ዓ.ም. ነው። የግድብ ዕድሜ የሚወሰነው በግንቡ ጥንካሬ ብቻ አይደለም፤ በበላዩ ባለው ተዳፋት አያያዝ ነው። ተዳፋቱ ሲራቆት ብርቱ ዝናብ አፈሩን ጠርጎ ወደ ግድቡ ያወርደዋል፤ ደለሉም የውሃውን ስፍራ ይይዘዋል። ገበሬው አፈሩን አጣ፤ ከተማውም ውሃውን አጣ፤ ማንም አልተጠቀመም። ለዚህ ምስክር የሚሆነን በአቃቂ ወንዝ ላይ ያለው አባ ሳሙኤል ነው። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ለኤሌክትሪክ ኃይል የተሠራው ይህ ግድብ ደለልና የከተማ ቆሻሻ እየሞላበት ሄዶ ሥራው ተቋረጠ፤ ለብዙ ዘመን ቆሞም ከኖረ በኋላ በ2009 ዓ.ም. ኃይል ማመንጫው ታድሶ እንደገና ተጀመረ።

በቡራዩ ያለው ሕዝብ የሚያደርገው መከላከያ ቀላል ነው፤ ግን በኅብረት ካልተሠራ አይጠቅምም። በተዳፋቱ ላይ የድንጋይ እርከን ይካባል፤ በሸለቆው ክትር ይሠራል፤ በክትሩ ዳርና ዳር ሣርና ቁጥቋጦ ይተከላል። ድንጋይ የሚፈነቀልበት ስፍራ ግን ሥራው ካለቀ በኋላ አፈር ለብሶ ካልተተከለ፣ የበላዩን እርከን ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል።

ሁለተኛው ዘዴ የጣራ ውሃ ማጠራቀም ነው። ሒሳቡን እናስብ። 50 ካሬ ሜትር በሆነ የቆርቆሮ ጣራ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ 500 ሊትር ውሃ ይሆናል፤ በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ ደግሞ 60,000 ሊትር ነው። የሚፈሰውና የሚተነው ተቀንሶ እንኳ ለአንድ ቤተ ሰብ የሚተርፍ ነው። ይህ ውሃ ካልተጠራቀመ ግን ከየጣራው ወርዶ በመንገድ ላይ ጎርፍ ሆኖ የጎረቤትን ግድግዳ ያፈርሳል። አንዱ ውሃ ተይዞ ሲሳይ፣ ተለቆ መዓት ይሆናል።

ስለ ባሕር ዛፍም ጥቂት መናገር ይገባል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. ገደማ ዘሩን ከውጭ አገር ባስመጡ ጊዜ፣ በአዲስ አበባ ዙሪያ ማገዶ አልቆ ነበር፤ ከተማይቱንም ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ ነበር። የከተማይቱን ስፍራ ያጸናው ይህ ዛፍ ነው ብንል አልተሳሳትንም። ዛሬም ለማገዶና ለቤት ሥራ የሚተካከለው የለም። ነገር ግን ብዙ ውሃ ይስባል፤ ከሥሩም ሣር አያበቅልም። ስለዚህ ከምንጭና ከወንዝ ዳር፣ ከእርሻም ድንበር ርቆ ሊተከል ይገባል። ማገዶውንም ለመቆጠብ ምርጥ ምጣድ የተባለውን የእንጀራ ምድጃ የያዙ ቤቶች ተጠቅመውበታል።

ስለ ሰበታ

በሰበታ አቅራቢያ በወጨጫ ተዳፋት ላይ የመናገሻ ሱባ ደን አለ። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. በነገሡበት ዘመን የተራራውን መራቆት አይተው፣ የጽድ ዘር ከወፍ ዋሻ ደን አስመጥተው እንዳስተከሉት በታሪክ ይነገራል። ከዚያም በኋላ በነገሥታቱ ጥበቃ ጽዱ፣ ዝግባው፣ ወይራው፣ ኮሶውና ጥቁር እንጨቱ እስከ ዛሬ ቆይቶአል፤ ጉሬዛና የምኒልክ ድኩላም ይኖርበታል። በአፍሪካ በመንግሥት ትእዛዝ ከተጠበቁት ደኖች ሁሉ ከጥንታውያኑ አንዱ ነው። የዚህ ደን ጥቅም ለጌጥ ብቻ አይደለም። በሥሩ የወረደው ዝናብ በሥርና በቅጠል ተይዞ ወደ መሬት ስለሚሰርግ፣ ከግርጌው ያለው ምንጭ በበጋ አይነጥፍም።

ሰበታ ከዚህ የሚወርደውን ውሃ ይዞ ጎመን፣ ቀይ ሥር፣ ሽንኩርትና ሰላጣ በመስኖ ያለማል፤ በአካባቢውም የአበባ እርሻዎች አሉ። ክረምቱ ሲሰናከል የመስኖ ሽንኩርት የገበሬውን ቤት ይደግፋል፤ ስለዚህ የመስኖ መስፋት ራሱ አየሩን መቋቋሚያ ነው። ነገር ግን በዚያው ወንዝ ዳር ፋብሪካዎች ስላሉ፣ ያልተጣራ ፍሳሽ ወደ ወንዙ ከተለቀቀ በበጋ ወራት ውሃው ሲያንስ መርዙ ይበዛል። ያ ውሃ የጠጣው አታክልት ደግሞ በአዲስ አበባ ማዕድ ላይ ይቀርባል። ከሰበታ በታች ወደ አዋሽ ያለው የበቾ ሜዳም በክረምት ውሃ የሚተኛበት ስለሆነ፣ ገበሬው ከፍ ባለው መሬት ጤፍና ስንዴ ዘርቶ፣ ዝቅ ያለውን ውሃው ከሸሸ በኋላ ለሽምብራና ለጓያ ያቆየዋል። በከተማውም የዓሣ ምርምር ማዕከል ስላለ፣ ኩሬ ያበጀ ባለ ይዞታ ውሃውን ለመስኖም ለዓሣም አድርጎ ለመጠቀም ምክር ማግኘት ይችላል።

ከሌላ ስፍራ የሚገኝ ትምህርት

በትግራይ የአብርሃ ወአጽብሃ ቀበሌ ሕዝብ የተራቆተውን ተራራ ከከብት ከልሎ፣ ክትርና ጉድባ ሠርቶ ቢጠብቅ፣ የከርሠ ምድሩ ውሃ ወደ ላይ ቀረበ፤ ጉድጓድም ቆፍሮ የፍሬ ዛፍ አለማ። በ2004 ዓ.ም. ኢኳተር የተባለውን የዓለም ሽልማት አገኘ።

የአሜሪካዋ ኒው ዮርክ ከተማ ደግሞ ውሃዋ ከካትስኪል ተራሮች የሚወርድ ነው። ከተማይቱ እጅግ ብዙ ገንዘብ የሚፈጅ ማጣሪያ ከመሥራት ይልቅ፣ በ1989 ዓ.ም. በተራራው ላይ ካሉት ገበሬዎችና ቀበሌዎች ጋር ውል ገብታ፣ መሬታቸውን በንጽሕና እንዲይዙ ገንዘብ ከፈለች። ከታች ያለው ጠጪ ከላይ ላለው ጠባቂ ዋጋ መክፈሉ ትክክል መሆኑን ይህ ያስረዳል። በእኛም ዘንድ ሜዳውን ሜዳ፣ ተራራውን ደን አድርጎ የሚጠብቅ ባላገር ዋጋ ካላገኘ፣ ለቦታ ገዢ ከመልቀቅ የሚያግደው ምንድር ነው?

የሹማምንትና የባለ ይዞታዎች ተግባር

መሬት በ1967 ዓ.ም. አዋጅ የሕዝብ ከሆነ ወዲህ የቀድሞው ባለ ርስት ቀርቶአል፤ ያረሰው ግን ባለ ይዞታ ነው፤ የመጠበቅም ግዴታ አለበት። ሹሙም የሚፈርመው ወረቀት የወንዝን መንገድ እንደሚለውጥ ማወቅ ይገባዋል። ስለዚህ፦

1ኛ፤ ረግረግ፣ የምንጭ ራስና የግድብ አናት ለቤትም ለፋብሪካም እንዳይሰጥ አስቀድሞ ተከልሎ በካርታ ይመዝገብ።

2ኛ፤ በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ከ60 በመቶ በላይ ተዳፋት የሆነው መሬት ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ እንዳይውል ወስኖ ነበር። የዚህ ውሳኔ ጥበብ በወጨጫና በእንጦጦ ተዳፋት ላይ በሥራ ይታይ።

3ኛ፤ ጥልቅ ጉድጓድ ሲፈቀድ የሚወጣው ውሃ በየወሩ ይለካ፤ በአካባቢው ያለው ሕዝብም አስቀድሞ ውሃ ያግኝ።

4ኛ፤ የዛፍ ተከላ በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረው የአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ ወዲህ በዝቶአል። ነገር ግን የሚቆጠረው የተተከለው ብቻ ሳይሆን በሁለተኛው ዓመት የጸደቀው ይሁን፤ ጽድ፣ ወይራ፣ ዝግባና ኮሶም ከባሕር ዛፍ ጋር ስፍራ ያግኙ።

5ኛ፤ የዝናብ ትንበያ ወደ ገበሬው በጊዜው ይድረስ። ቶሎ ደራሹ ዘር ከሰኔ በፊት በቀበሌ ይገኝ፤ ዘር ከዝናቡ በኋላ ቢመጣ ለገበሬው ምን ይረባዋል?

6ኛ፤ መሬት ለከተማ ሲፈለግ ሕዝቡ አስቀድሞ ይጠየቅ፤ ተገቢው ካሣም ይከፈለው። በ2006 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ባለው የኦሮሚያ ልዩ ዞን የጋራ ፕላን ምክንያት ተቃውሞ ተነሥቶ የሰው ሕይወት እንደ ጠፋ፣ ፕላኑም በጥር 2008 ዓ.ም. እንደ ተሰረዘ ሹም ሁሉ ማስታወስ ይገባዋል። ከመሬቱ የሚነቀል መስሎት የሚፈራ ገበሬ እርከን አይክብም፤ ፍሬውን የማይበላውንም ዛፍ አይተክልም። የአየሩን መለወጥ ለመቋቋም የመጀመሪያው መሣሪያ ገበሬው ነገም በመሬቱ እንደሚኖር ማመኑ ነው።

ከመስከረም እስከ ግንቦት ያለው ወራት የእርከን፣ የክትርና የኩሬ ሥራ ጊዜ ነው፤ ዝናቡ ከገባ በኋላ የሚቆፈር ቦይ ጎርፉን ከመምራት በቀር አይረዳም። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ እንደሚባለው፣ እያንዳንዱ የወረዳ ሹም በቀበሌው ያሉትን ምንጮች ቆጥሮ፣ የትኞቹ በበጋ እንደሚነጥፉና የትኞቹ እንደማይነጥፉ በዚህ ዓመት ቢመዘግብ ሥራውን ጀመረ ማለት ነው። የሱባ ጽድ ያዩት ሁሉ እንደሚመሰክሩት፣ በአንድ ዘመን በመልካም የታዘዘ ነገር ከ500 ዓመት በኋላም ውሃ ያጠጣል።